በማይታየው ጨረር መንገድ ላይ

ይሄን ሰው ነግሮኝ አይደለም የማወራችሁ። በዓይኔ ያየሁት ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ።

ሌሊትም አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው የምሠራበት የሌዘር ላብራቶሪ... መስኮት የሌለው ክፍል።

ከአለቃዬ ከጋሼ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጋሼ ጡረታቸው የደረሰ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው።

ሌዘራችን እጅግ አጫጭር ብልጭታ ይተኩሳል። ብልጭታው ክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ አረንጓዴ ብርሃንና ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ተደባልቀው ይወጣሉ። ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት ትንሽ መስታወት ናት። አረንጓዴውን ታሳልፋለች፤ የማይታየውን ወደ ጎን ትመልሳለች። የማይታየው ነጭ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ወረቀቱ ሰማያዊ ያበራል።

የዚያን ቀን አዲስ መለያ መስታወት ገጠምን። መነጽራችንን አደረግን። መብራት አጠፋን።

ጨረሩን በሌንስ አሰፋሁት። ወረቀቱ ላይ ሳህን የሚያክል ሰማያዊ ክብ ወጣ።

"እሰይ! እጅሽ ይባረክ" አሉ ጋሼ።

ወዲያው የክቡ አንድ ጎን ጠቆረ።

"ጋሼ፣ እጅዎን አስገቡ እንዴ?"

"እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

"ዝንብ ትሆናለች። ሌዘር ልትማር መጥታ።"

ሳቅኩ። ጥላው ግን... ተዘረጋ።

ጣት። ሌላ ጣት። ሙሉ እጅ።

መብራት አበራሁ። በጨረሩ መንገድ ላይ ምንም የለም።

አጠፋሁ... እጁ አለ።

"ጥፋቱ ከመስታወቷ ነው" አሉ ጋሼ። ሌዘሩን ዘግተው አረንጓዴውን በምትመልስ ሌላ ተኳት፤ አሁን አረንጓዴው ብቻ ወደ ወረቀቱ መጣ። ንጹህ ክብ። ጥላ የሚባል የለም።

"አየሽ?" አሉ። ድምፃቸው ግን ደርቋል።

የመጀመሪያዋን መለሷት።

እጁ አለ። አሁን ቀርቧል። ከኔ መዳፍ ግማሽ የማይሞላ... ትንሽዬ እጅ።

"ልዝጋው" አልኩ በሹክሹክታ።

"ቆዪ..."

"ጋሼ፣ በፈጠረዎት!"

"ትንሽ ቆዪ አልኩሽ።"

ጓንት ያጠለቀ ቀኝ እጃቸውን ወደ ጨረሩ ዘረጉ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ጥላ ሆነ። ትልቁ መዳፉን ከፈተ።

ትንሹ... ቀስ ብሎ ገባበት።

የሌዘሩን መዝጊያ ቁልፍ ተጫንኩት። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

"ተሰማዎት?"

"ምንም" አሉ። "ምንም አልተሰማኝም።"

መብራት ሳበራ ጓንታቸውን አላወለቁም። በግራ እጃቸው ቦርሳቸውን አንስተው፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉኝ ወጡ።

ወደ ኮሪደሩ መስኮት ሄድኩ።

ጋሼ ፀሐዩ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ራቅ ብላ፣ መዳፏ በግማሽ ተጨብጣለች። ግራና ቀኝ አዩ። ወደ ጎናቸው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።

ከዚያ... እርምጃቸውን አሳጥረው፣ ቀስ እያሉ ተሻገሩ።