የቡሪየኑ ጥቁር ድንጋይ

ኃይለ መስቀል ሲያትል አጠገብ ባለው የቡሪየን ባሕር ዳርቻ፣ ማዕበል ከተፋቸው ግንዶች ጀርባ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ ባዶ እግሩን ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ጫማው ከጎኑ በሥርዓት ተቀምጧል፤ ካልሲዎቹም ተጠቅልለው ውስጡ ገብተዋል። ያገኘው ውሻውን ሊያናፍስ የወጣ ፈረንጅ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሲያትል ዙሪያ ያሉትን ፓርኮችና የባሕር ዳርቻዎች አብረው የሚዞሩት አራት ነበሩ። መሪያቸው ሟቹ፣ ታክሲ ነጂው ኑሩ፣ ነርስ ሣህሊቱ፣ እና ባለፈው ክረምት በዲቪ የመጣው፣ ካፒቶል ሂል ሬስቶራንት ውስጥ የሚሠራው ወንድምአገኝ። ፖሊስ የያዘው ኑሩን ነው። የዚያን ዕለት ቫኑን ፓርክ ሲያደርግ ሟቹ «ሹፌር ሹፌር ነው፤ ዝም ብለህ ንዳ!» ብሎት ነበር። ኑሩም «አንድ ቀን ታገኛታለህ» ሲል መለሰ። ሣህሊቱም ወንድምአገኝም ስድቡን አልሰማንም አሉ፤ መልሱን ግን ሁለቱም ሰምተዋል። ለጊዜው ቢለቁትም ክሱ የፊታችን ሰኞ ሊመሠረት ነው።

የኑሩ ጠበቃ መርማሪ ቀጠረ። ማንአልሞሽ አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ ብዙ የነፍስ ግድያ የመረመረች ሴት ናት። እዚህ ግን የአውራጃው ፖሊስ ስልኳን እንኳ አያነሳላትም።

«አሁንም ማሽኑ!» አለች፣ ስልኩን ጥርቅም አድርጋ። «የሰው ሕይወት ጉዳይ ከመልእክት መቀበያ ጋር ነው የማወራው?»

ሬሳውን ያገኘውን ፈረንጅ ግን አገኘችው። ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት በየሁለት ሳምንቱ ተመልሶ አንድ እንደሚሆን የነገራት እሱ ነው። እሷም ከሞቱ ቀን ሁለት ሳምንት ቆጥራ፣ በዚያው ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን ዳርቻው ላይ ቀጠረቻቸው። ካፊያው ከሌሊት ጀምሮ አላባራም።

«ከምሳ በኋላ የት ነበርክ?» አለችው ኑሩን።

«ዛፎቹ ውስጥ። እሰግድ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ከአላህ ሌላ? ማንም። እሱን ደግሞ ፍርድ ቤት አይጠሩልኝም፣ እትዬ።»

ሣህሊቱ ዣንጥላዋ ሥር ተኮማትራ መለሰች። «ጋሼ ኃይለ መስቀልና ወንድምአገኝ ጠዋት ወደ ውሃው ወረዱ። እኔና ኑሩ ከሰል ስናቀጣጥል ቆየን። ወንድምአገኝ ብቻውን ተመለሰና 'ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አልነሳም አለ' አለኝ። ከምሳ በኋላ ሊጠራው ሄዶ ወዲያው መጣ፤ 'አሁንም ድንጋዩ ላይ ነው' አለ። ከዚያ ከአጠገቤ አልተለየም። የጠፋው ኑሩ ነው። ሶ... ምን ልበል?»

«ሟቹ ጫማ ሲያወልቅ እንዴት ነበር?»

«ጋሼ? እንደ ሕፃን ነው፤ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ።»

ወንድምአገኝ ውሃው ባልደረሰበት አሸዋ ላይ ወደ አንድ ጥቁር ድንጋይ መራት። ቁመቱ ከወገብ አይበልጥም።

«ያውልዎት። ከምሳ በኋላ ስመጣ እዚህ ተቀምጦ እጁን አወዛወዘልኝ።»

«እግሩ ውሃ ውስጥ ነበር?»

«ኧረ ውሃ ያልደረሰበት አሸዋ ላይ፤ ልክ እንዳሁኑ።» ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ስንት ጊዜ ልናገር? ለፖሊስም ብያለሁ።»

«ያደግኸው የት ነው?»

«ሐዋሳ። ሐይቁ ዳር።»

ማንአልሞሽ ሰዓቷን አየች።

ከሰዓት በኋላ በጠበቃው ጉትጎታ የአውራጃው ፖሊስ ተጎትቶ መጣ። የመልእክት መጥሪያ ፔጀሩን እያየ «ቶሎ በይ» አላት። ሁሉንም ሰብስባ ከዛፎቹ ሥር ወደ ዳርቻው አወረደቻቸው።

«ወንድምአገኝ፣ ድንጋዩን ለእኚህ ሰውዬ አሳያቸው።»

ወንድምአገኝ እጁን አነሳ። የሚያሳየው አጣ። ባሕሩ እስከ ግንዶቹ ሥር ሞልቶ ነበር።

«ሌላ... ሌላ ድንጋይ ይሆናል» አለ።

«ጠዋት በመዳፍህ የመታኸው ያ ውሃ ውስጥ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ጠዋት የተውከው ቦታ ማታም ይጠብቅሃል። ይህ ባሕር ግን ይወጣል፣ ይወርዳል። ያን ዕለትም ከምሳ በኋላ እዚህ ውሃ ያልደረሰበት አሸዋ አልነበረም። አንተ አልወረድክም፤ ዛፎቹ ጋ ቆመህ ተመለስክ። ግንዶቹ ጀርባ ምን እንዳለ ስለምታውቅ ማየት አልፈለግክም።»

ሣህሊቱ ስታስተረጉምለት ፖሊሱ ፔጀሩን ኪሱ ከተተ።

«ሟቹ ከምሳ በኋላ በሕይወት ነበር ያልከን አንተ ብቻ ነህ» ስትል ቀጠለች። «እሱ ውሸት ከሆነ ሰውየው የሞተው ጠዋት ነው። ጠዋት ኑሩ ከሣህሊቱ ጋር ከሰል ያቀጣጥላል። ከሟቹ ጋር የነበርከው አንተ ነህ። አሁን ንገረኝ፤ ካልሲውን ማን ጠቀለለለት?»

ወንድምአገኝ ግንዱ ላይ ተቀመጠ።

«አዲስ አበባ አለቃዬ ነበር» አለ። «እዚያ ቦርሳውን ተሸክሜያለሁ፤ ጫማውን ጠርጌያለሁ። እዚህ ስመጣ እኩል የምንሆን መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ጫማውን አውልቆ ደረቴ ላይ ወረወረው። 'ያዝ' አለኝ። ያዝኩ። ካልሲውን ጠቅልዬ ከተትኩለት፤ እጄ ለምዶት! እጄን ሳየው ነው ያበድኩት። ጫማውን አስቀምጬ ድንጋይ አነሳሁ።»

ፖሊሱ ካቴና አስገብቶለት ወሰደው። ማንአልሞሽን አመሰግናለሁ አላላትም። ኑሩንም ይቅርታ የጠየቀው የለም።

ኑሩ ቫኑን አስነሳ። ሣህሊቱ እየሮጠች ደረሰች።

«ኑሩ፣ ወንድሜ... ታደርሰን የለ?»

«እትዬ ማንአልሞሽ፣ ይግቡ» አለ ኑሩ በሩን ከፍቶ። ከዚያ ወደ ሣህሊቱ ዞረ። «አንቺ ታክሲ ኮል አድርጊ። ሹፌር ሹፌር ነው፤ ማንም ይምጣልሽ።»