የእማማ ዘመናይ ግድግዳ

ድረስና ምንይችል ፍርስራሹን በእጃቸው እየዛቁ እማማ ዘመናይን ሲያወጧቸው ነገሩ አብቅቶ ነበር። ግድግዳው እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ነው የተጫናቸው።

«አርጅቶ ነበር፣ ወደቀ» አለ የግቢው ሰው ሁሉ።

ኢንስፔክተር ሥራነሽ ግን ከግድግዳው እግር አንድ እፍኝ ጭቃ አንስታ ጨመቀችው። እንደ ሊጥ በጣቶቿ መሀል ወጣ።

«በየካቲት?» አለች ለራሷ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንዲህ ያለ ኪራይ ቤት ሞልቷል። አንድ ረዥም የጭቃ ጡብ ቤት ለሦስት ይከፈላል። ጫፉ ላይ ባጃጅ ነጂው ድረስ፣ መሀል ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ትዕግስት ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ዳር ደግሞ እማማ ዘመናይ። ሦስቱም ለድሃ በርካሽ የሚከራየውን የቀበሌ ቤት ለማግኘት ካመለከቱ ዓመታት አልፈዋል። ምንይችል የአከራዩ ልጅ ነው።

«ምንይችል፣ አሮጊቷን ‹ካልወጡ ቤቱ ራሱ ያስወጣዎታል› ብለሃቸዋል አሉ» አለች ሥራነሽ።

«ብያለሁ! አፌ ነው። ግን የገዛ ቤቴን አፈርሳለሁ እንዴ? ላፍርስስ ብል ዶማ መች አጣሁ፣ በጠራራ ፀሐይ ነዋ!»

ሥራነሽ ጡቦቹን አገላብጣ አየች። የዶማ ምልክት የለም።

«ውሃ ከጠፋ ቆየ?» አለችው ድረስን።

«ኧረ ይተዉት ኢንስፔክተር! ፊታችንን የምንታጠበው እንደ ድመት ሆኗል። እኔ ከምንጭ በባጃጅ እያመጣሁ ለትዕግስት ጠዋት ማታ ጀሪካን አቀብላታለሁ። ልብስ ላጥብ ትለኛለች።»

ሥራነሽ በሩ ላይ የቆሙትን ሁለት ልጆች አየቻቸው። የዩኒፎርማቸው ኮሌታ ጠቁሯል። የልብስ ማስጫው ገመድ አቧራ ለብሷል። ወደ ትዕግስት ቤት ልትገባ ስትል በሩ እስከ ግማሽ ብቻ ተከፈተ፤ አልጋው ከኋላው ተገትሯል። ወዲያ ማዶ፣ ከእማማ ዘመናይ ጋር ያዋስን የነበረው ግድግዳ ሥር፣ ፍርስራሹን ገፋ ስታደርግ የአፈሩ ወለል ላይ አራት የአልጋ እግር ጉድጓድ አገኘች። በቃ፣ ሁሉንም ደጅ ሰበሰበቻቸው።

«ይሄን ግድግዳ እርጅና አልጣለውም» አለች። «ዝናብ የለም፣ ቧንቧው ደርቋል፣ እግሩ ግን ርሷል። ዶማ ስላልነካው ምንይችል አፉ እንጂ እጁ የለበትም። ውሃ ይገባ የነበረው አንድ ቤት ነው። ለልብስ ነው ተባለ፤ የልጆቹን ኮሌታ እዩት። ከሁሉ ከሁሉ አልጋው! ትዕግስት፣ በር የሚዘጋ ቦታ ያዞርሽው ለምንድን ነው?»

ትዕግስት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«የቀበሌው የቤት ኮሚቴ መጥቶ ‹ግድግዳሽ ደህና ነው፣ ከአንቺ የባሰ ሞልቷል› አለኝ። የባሰ እንዲሆን ነው ውሃ የደፋሁበት። ይሰነጠቃል እንጂ ይወድቃል አላልኩም። የልጄን የክርስትና እናት እገላለሁ?»

«አይወድቅም ካልሽ ልጆችሽን ለምን አሸሸሽ?»

ትዕግስት ልጆቿን ወደ ራሷ ሳበች።

«ለእሳቸውስ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ይናገሩብኛል ብዬ ነዋ» አለች ድምጿ እየሞተ። «እሳቸውም እኮ ቤት ይጠብቁ ነበር።»

ድረስ ፊቱን አዞረ። ያን ውሃ ያመጣው እሱ ነው።

«ቤቶች!» አለ አንድ ሰው ከአጥሩ። የቤት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አንዷለም ነው፣ ምንም አያውቅም፣ ቁልፍ ይዟል። «ትዕግስት ማናት? ግድግዳው መደርመሱን ሰማን፤ አስቸኳይ ነው ብለን ቤት ፈቅደንልሻል። ግን ዛሬውኑ ራስሽ ካልገባሽበት ለሌላ ይሄዳል። ወረፋውን ታውቂዋለሽ።»

ትንሿ ልጅ ቁልፉን አየችና የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማ፣ የእኛ ነው?»

ትዕግስት ሥራነሽን ነው የምታየው። የሥራነሽ እጅ ካቴናው ላይ ነው። የእማማ ዘመናይ አስከሬን በጋቢ ተሸፍኖ እዚያው አጠገባቸው ተጋድሟል። ሁሉም የኢንስፔክተሯን አፍ ይጠብቃል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?