መብራት ሲጠፋ የሚሰማው ልቅሶ

የልብስ ስፌት ፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ከጨርቅ መጋዘኑ የብረት ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ሠራተኞቹ ሬሳውን ከበው ቆመዋል፤ የሚያዩት ግን ሬሳውን አልነበረም። ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው ከደረጃው ጫፍ ወዳለው ጨለማ በር ያንጋጥጡ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህንን ነው። አጠር ያለች፣ ችኮላ የማትወድ ሴት ናት። ሰው ሲያወራላት በየመሃሉ «ቆይ» ስለምትል ባልደረቦቿ «ቆይ ቆይ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ግን የሚደፍራት የለም። ጎንበስ ብላ ሟቹን አየችው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። በኮቱ ቀኝ ትከሻ ላይ ነጣ ያለ፣ ገና በቅጡ ያልደረቀ እድፍ አለ። ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ ጎምዘዝ ያለ ሽታ ነው። ቀና አለች።

ሟቹን ሠራተኛው «ጋሽ አንቀጽ» ይለው ነበር። ምን ብትጠይቁት መልሱ የሥራ ውሉ አንቀጽ ነው። ክፉ ሰው ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ደግ ነበር ብሎ የሚምልለት ሰው ግን አልተገኘም።

«ወደ ላይ የምታዩት ምንድን ነው?» ስትል መርማሪዋ በቅርብ የቆመችውን ሰፊ ጠየቀቻት።

«ሕፃኑን ነዋ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ወር በፊት የፋብሪካው መካኒክ ሚስት፣ እሷም እዚያው አዳራሽ ሰፊ የነበረች፣ ምጥ ማሽኗ ላይ እንዳለች ያዛት። ሐኪም ቤት ደርሳ ወለደችና ሞተች። ሕፃኑም በማግስቱ እናቱን ተከተለ ተባለ። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ከመጋዘኑ ወደ አዳራሹ የሕፃን ልቅሶ ይወርዳል። መብራት ሲመጣ ይጠፋል። ከሴቶቹ ሁለቱ ሥራ ለቀዋል፤ የቀሩትም መጸዳጃ ቤት ብቻቸውን መሄድ ትተዋል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ፤ አዳራሹ ድንግዝግዝ አለ፤ ልቅሶውም መጣ። ጋሽ አንቀጽ በመንፈስ ወሬ መሰልቸቱን ጮክ ብሎ ተናግሮ ደረጃውን ሲወጣ ሁሉም ሰምተውታል። ጥቂት ቆይቶ ልቅሶው እንደተቆረጠ ክር ድንገት ዝም አለ። ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። ከዚያ ጄኔሬተሩ ተነሣና መብራት መጣ። ሰው ባልተቀመጠበት የሟቿ ሰፊ ማሽንም ሞተሩ ለብቻው ማጉረምረም ጀመረ።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ። «በዚያ ማሽን ከሞተች ወዲህ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም?»

«እኛ አንደፍርም። ሰው ሲጎድል እትዬ ደወል ብቻ ትቀመጥበታለች።»

እትዬ ደወል የአዳራሹ አለቃ ናት። ስሙን ያወጣላት ድምፅዋ ነው።

መርማሪዋ ወደ መጋዘኑ ወጣች። መስኮት የለውም። የጨርቅ ጥቅሎች እንደ ግድግዳ ተደርድረዋል። ከጥቅሎቹ ጀርባ፣ ለልብስ መተኮሻው እንፋሎት ከሚያፈላው ቦይለር የሚመጣው ቧንቧ በሚያልፍበት ጥግ፣ ለስላሳ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተነጥፎ መሃሉ ጎድጉዷል። እጇን ሰደደች፤ ይሞቃል። ፈራች፤ ወዲያውም አዘነች። አንዱን ቁራጭ አንሥታ አሸተተችው። ያው ጎምዘዝ ያለ ሽታ ነው።

በዚያ ሰዓት ከማሽን ውጭ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። ሥራ አስኪያጁ በመስታወት ቢሮው ውስጥ ከደንበኛ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ጸሐፊዋ አይታዋለች። ስለ ሟቹ ሲናገር ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ያዘነው ለሰውየው ይሁን ለዘገየው ትእዛዝ ለመለየት ግን ያስቸግር ነበር።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ነው። ከታችኛው በር ላይ ጨርቅ እያስረከበ እንደነበር ሹፌሩ መሰከረለት። ልቅሶ ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ ጆሮው ሥር ጮኻ ጠየቀችው።

«እንኳን የመንፈስ፣ የሚስቴንም ጩኸት ከሰማሁ ዘመን የለውም» አላት። መጋዘኑ ውስጥ ነገር ደብቆ ለማኖር ከዚህ የተሻለ ጠባቂ አይገኝም ስትል አሰበች።

ቀጥላ መካኒኩን አስጠራች። ከስቷል፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ማስነሣት የእሱ ሥራ ነው፤ ግቢው ውስጥ ከጥበቃው ጋር እንደነበር ጥበቃው አረጋግጧል። መርማሪዋ ስለ ደረጃው አንድም ነገር አልጠየቀችውም።

«ባለቤትህ ስታርፍ ስንት ቀን ፈቃድ ተሰጠህ?»

«ለእሷ ሦስት ቀን፣ ከደመወዝ ጋር። ለልጁ ደግሞ ሦስት ቀን፣ ከደመወዝ ጋር።»

«ልጁ ቢተርፍ ኖሮስ?»

መካኒኩ በዘይት የጠቆረ ጥፍሩን ማየት ጀመረ። «ቤተሰብ ለማስታመም ያለው ፈቃድ ያለ ደመወዝ ነው፤ እሱም በዓመት አንዴ። እሷ እርግዝናው ሲያስቸግራት ወስጄ ጨርሼዋለሁ።»

«የእሷ የወሊድ ፈቃድስ?»

«የወለደችው ናት የምትወስደው ይላል ውሉ። ወደ ባል አይተላለፍም።»

«የልጁን መሞት ማን አረጋገጠ?»

«የአዳራሽ አለቃ ቃል ይበቃል። እትዬ ደወል መሰከረችልኝ።»

እትዬ ደወል የመጨረሻዋ ነበረች። መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛዋ ጋ ቁጭ ብላ እንደነበር፣ ሲመጣ ወደ ቢሮ ስትሄድ ሬሳውን አይታ እንደጮኸች ተናገረች። ድምፅዋ ዛሬ ደወል አልነበረም።

«መብራት ሲጠፋ ሴቶቹ ምን ያደርጋሉ?»

«የማሽናቸውን ማጥፊያ ያጠፋሉ። አለበለዚያ መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ድንገት ተነሥቶ የሰው ጣት ይበላል። የረሳች ከእኔ አታመልጥም።»

መርማሪዋ አመሰገነቻትና አሰናበተቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በስፌት አዳራሹ ሰበሰበቻቸው። ሴቶቹን በየወንበራቸው አስቀምጣ ማሽኖቹን እንዲያስነሡና ቁራጭ ጨርቅ ላይ እንዲሰፉ አዘዘቻቸው። አዳራሹ በድምፅ ተሞላ። ሥራ አስኪያጁ ግራ ተጋብቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ ማንም አልሰማውም። ከዚያ ለጥበቃው በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ እሱም ዋናውን መብራት አጠፋ።

ማሽኖቹ ቆሙ። ከቦይለር ክፍሉ በኩል ቀጭን የሕፃን ልቅሶ መጣ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያያዙ። ከመሃላቸው አንድ ሰው ብቻ ተነሣ፤ መካኒኩ ነው።

«ሂድና አምጣው» አለችው መርማሪዋ። «ርቦት ይሆናል።»

እሱ ሲወጣ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ሕፃኑ ሁልጊዜ ያለቅሳል። መብራት ሲጠፋ የሚሆነው እናንተ መስማታችሁ ነው። ሌላ ጊዜ ማሽኖቹ ይውጡታል። እናቱ ሞታለች፤ ልጁ ግን አልሞተም። አባትየው ውሉን አየ። ልጅ ለሞተበት ሦስት ቀን ይከፈለዋል፤ ልጅ ለተረፈለት የሚከፈል የለም። በሦስቱ ቀን ልጁን የሚይዝ ሰው አገኛለሁ ብሎ ሞተ አለ። ሰውም አላገኘም፤ ቃሉንም መመለስ አልቻለም። በሐሰት ፈቃድ የወሰደ ወዲያው ይሰናበታላ።»

«ታዲያ ጋሽ አንቀጽን የገደለው እሱ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ቆይ። እሱ ጄኔሬተር ጋ ነበር። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ፣ ልቅሶው በሚሰማበት በዚያ ክፉ ሰዓት፣ ልጁን የሚያባብለው ሌላ ሰው ነው። ልጁ ሞቷል ብሎ የመሰከረው ሰው ማለት ነው። መብራት ሲመጣ አንድ ማሽን ብቻ ማጥፊያው አልጠፋም ነበር፤ ወንበሩም ባዶ ነበር። ማሽኑ ላይ ተቀምጦ የነበረው ሰው ማጥፋቱን እንኳ ዘንግቶ ሮጧል። በዚያ ማሽን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀመጠው።»

ሁሉም ወደ እትዬ ደወል ዞሩ። ለመካድ አልሞከረችም።

«ምጡ ሲይዛት ልሂድ ብላ ለመነችኝ» አለች። «የተጀመረው ሥራ ይለቅና ትሄጃለሽ አልኳት። ሁለት ሰዓት ያህል አቆየኋት። ልጇን እንኳ ላሳድግላት ብዬ ነው የዋሸሁት።» «ትናንት ወደ ላይ ሲወጣ ሰማሁት። መጀመሪያ እንደምንም ቻልኩ። በኋላ ልጁ ድንገት ዝም ሲል አፍኖ ገደለው ብዬ አበድኩ። ሮጬ ወጣሁ። ከደረጃው ጫፍ ላይ ልጁን ይዞ ቆሟል። ልጁን ነጠቅኩትና በክንዴ ገፋሁት። መደገፊያ የሌለው ደረጃ ነው። በጨለማው ወርጄ ልጁን ቦይለር ክፍል ደበቅኩትና ተመልሼ ጮኽኩ።»

መርማሪዋ ይህንን ላለመናገር ፈለገች። ግን ሬሳም ቃል አለው፤ ቃሉን መብላት አልቻለችም።

«አላፈነውም» አለች ቀስ ብላ። «ኮቱ ትከሻ ላይ ሕፃን ያቀረሸው ወተት ነበር። ሕፃን እንዲያ የሚያቀረሸው ትከሻ ላይ አጋድመው ጀርባውን መታ መታ ሲያደርጉት ነው። ልጁ ዝም ያለው ስላባበለው ነው።»

እትዬ ደወል እጇን አንሥታ ትከሻዋን ዳበሰች፤ እዚያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ተቀመጠች። ጋሽ አንቀጽ ልጁን ይዞ ወርዶ ምን ሊያደርግ እንደነበር፣ አባትየውን ሊያሰናብት ይሁን ሊሸሽግለት፣ ከእንግዲህ የሚነግራቸው የለም። የፋብሪካውን ሴቶች በኋላም ከመንፈሱ ይልቅ የከበዳቸው ይህ ነበር።

ፖሊሶቹ እትዬ ደወልን ይዘዋት ሲወጡ መካኒኩ በሩ ላይ አገኛቸው። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፏል። እሷ ቆም ብላ ብርድ ልብሱን ከሕፃኑ አፍንጫ ላይ ገለጥ አደረገችው።

ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ። ሬሳ፣ ሕፃንና ፖሊስ በሁለት ቀን ውስጥ በዝቶበታል፤ ቢያንስ አንዱን መገላገል ፈለገ።

«በቃ፣ ልጅህን ይዘህ ቤትህ ሂድ» አለው መካኒኩን።

መካኒኩ ካለበት አልተነቃነቀም። ልጁን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

«በየትኛው ፈቃድ?» ሲል ጠየቀ።

ሥራ አስኪያጁ መልሱን ፍለጋ ወደ ጎኑ ዞረ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሁልጊዜ አጠገቡ የሚቆመው ሰው ሬሳ ክፍል ነበር።