በጎርፍ መውረጃ ላይ የተተከለ እንሰት

«ሥሩን በደንብ አጠጪው፤ እንዳይጠወልግብን!» አለ አባቷ ኢስሀቅ፣ ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ።

ሳቢሪን ባልዲውን ዘቀዘቀችው። ከቁመቷ የሚበልጡትን እንሰቶች አባቷ ባለፈው ሳምንት እንሴኖ ካለው ከአያቷ ጓሮ ነቅሎ በአይሱዙ ነበር ያመጣቸው። የተቆፈረውንም አፈር በደረቅ ቅጠል ሸፍኖታል። ይህች የቡታጅራ ዳርቻ ቁራሽ መሬት በበጋ ለጥ ያለች ሜዳ ትመስላለች። በክረምት ግን ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ድንጋይ እያንከባለለ የሚያልፈው በዚችው ነው፤ ከላይ ያለው ጫካ ተመንጥሮ ቤት ብቻ ሆኗል። አባቷም ሲገዛት በበጋ ስለነበር ተሸውዷል። አሁን ተራው የሌላ ሰው ነው። ትልልቅ እንሰት ካለ ሰው ለዓመታት ኖሮበታል ማለት ነውና ገዢ ብዙ አይጠይቅም።

ከሰዓት በኋላ ገዢዋ ሲመጡ ሳቢሪን ወዲያው አወቀቻቸው። የክፍል ጓደኛዋ የሃፊዛ እናት፣ ሳሌሃ ናቸው። ሳሌሃ ጎንበስ ብለው ግንዱን ዳሰሱ፤ ከሥሩም አፈር ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት።

«ማሻአላህ» አሉ።

አባቷ ፈገግ አለ። ሳቢሪን በአባቷ አፈረች፤ ባዶውን ባልዲ አንስታ ዞር አለች።

በማግስቱ ሃፊዛን ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ጎትታ ወሰደቻት።

«ስሚ፣ እዚያ ቦታ ላይ ጎርፍ ይወርዳል። እንሰቱን አባዬ አሁን ነው የተከለው፤ ሊሸውዳችሁ ነው። አትግዙ!»

ሃፊዛ አልደነገጠችም። «እማዬ ነቄ ናት ባክሽ። አፈሩን ስትነካው ነው ያወቀችው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ደህናው መሬት ለኛ አይቀመስም። አከራያችንም ልጅ በዛ ብላ ልቀቁ ብላናለች።»

«ክረምት ሲገባስ?»

«እስከዚያ ቤት ይኖረናል።»

ሳቢሪን «እኛ ጋ ትመጣላችሁ» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። የሷ ቤተሰብ ራሱ በአንድ ክፍል ተጣቦ ነው የሚያድረው።

ቤት ስትገባ ለአባቷ ነገረችው። «አባ፣ ያውቃሉ። እያወቁ ነው የሚገዙት።»

አባቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «አውቀው ከሆነማ ከኔ ጫንቃ ወረደ። አልሐምዱሊላህ።»

ሳቢሪን ከዚህ በላይ ያዘነችበት ቀን ትዝ አላላትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ሠፈርተኛው በዚያች መሬት ላይ ለቆመው ለእነሃፊዛ ቤት ምርጊት ተጠራ። ሃፊዛ ጭድ እየበተነች ጭቃውን ትረግጣለች፤ ታናናሾቿም ዙሪያዋን ይቦርቃሉ።

«ክረምት ሳይገባ ቢደርቅልን» አለች፣ ሳቢሪንን ስታያት።

ሳቢሪን ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ጭቃው ውስጥ ገብታም አብራት ትረግጥ ጀመር።