ከፎገራ ሜዳ የተቃጠለው መኪና

የሾፌሩን የአንለይን አስከሬን ያገኙት ማለዳ ከብት ሊያሰማሩ የወጡ ገበሬዎች ናቸው። መኪናው ከወረታ ወደ አንበሳሜ ሲኬድ ከሜዳው መሐል እስከ ጎማው ከስሎ ቆሟል። አንለይ ከመቀመጫው አልተነሣም። በእሱ በኩል ያለው በር ዝግ ነው፤ የረዳቱ በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ወሬው ወረታ ሲደርስ መካኒኩ አለኸኝ የእጁን ግራሶ እንኳ ሳይጠርግ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠ። የሮጠው ሊያመለክት ሳይሆን ሊደበቅ ነው። በዚያ አሮጌ መኪና ላይ ትልልቅ የፊት መብራቶች የገጠመው እሱ ነበር፤ ሽቦው ደግሞ የድሮው ቀጭን ሽቦ ነው። ይህን የሟች ወንድምና ረዳት የሻው ያውቃል። የሻው ምንሽር ጠመንጃውን ታቅፎ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጧል።

«የወንድሜን ደም ይዞ ከዚያ አይወጣም!» እያለ ሲጮህ አለኸኝ በመስኮቱ ስንጥቅ ይሰማዋል።

የመቶ አለቃ አድማሴ ከደብረ ታቦር የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። መጀመሪያ ቃጠሎውን አይቶ መጣ። ከዋርካው ሥር ቆሞ የሻውን «እግዜር ያጥናህ» ብሎ እጁን ዘረጋለት። የሻው ግራ እጁን ሰጠው፤ ቀኙ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን ነካህ?»

«ማጭድ ነው» አለ የሻው።

አድማሴ ጨርቁን አየት አድርጎ ወደ ጣቢያው ዞረ። ገብቶ ከአለኸኝ ፊት ተቀመጠ።

«ገደልኸው?»

«እኔ እንጃ ጌታዬ!» አለ አለኸኝ። «ትልቅ መብራት ብዙ ኃይል ይስባል፤ ቀጭን ሽቦ አይችለውም፣ ይግላል። ወፍራም ሽቦ ከጎንደር እስኪመጣ ድረስ በጨለማ እንዳትነዱ ብያቸዋለሁ። ቢነዱም ሽቦው ሳይነድ ፊውዙ ተቃጥሎ ኃይሉን ያቋርጠዋል ብዬ ነበር።»

አድማሴ የጠቆረ ሚስማር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ከፊውዙ ቦታ ያገኘሁት ይህን ነው።»

አለኸኝ ሚስማሩን አገላብጦ አየው። «ይሄማ አይቆርጥም! ሁሉም እስኪነድ ድረስ ያሳልፋል እንጂ። ጌታዬ፣ በማርያም፣ የኔ አይደለም!»

አድማሴ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ክፍል ገባ። አለኸኝ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«መብራቱን ያስቀየርሁት እኔ ነኝ» ይላል የመኪናው ባለቤት አቶ በላቸው። «ከብቱ መንገድ ላይ ይተኛል፣ በድሮው መብራት አይታይም። ፊውዝ የሚባለውን ግን የት እንዳለም አላውቀው።»

«ትናንት ማምሻውን የት ነበሩ?»

«ማኅበር ላይ፣ ከቄሶቹ ጋር።»

ቀጥሎ የሟች ሚስት ጸሐይነሽ ገባች። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ሰልሏል።

«የእሱ በር ከውስጥ አይከፈትም፣ መስታወቱም አይወርድም ነበር ጌታዬ። ሁልጊዜ የሻው ወርዶ ከውጭ ይከፍትለታል። ትናንት ግን የሻው ወረታ ቀርቼ ከማናዬ ጠላ ቤት አመሸሁ አለኝ።»

አድማሴ አንዱን ፖሊስ ወደ ማናዬ ላከ።

ከቀብር መልስ ሁሉንም ጣቢያው ግቢ ሰበሰባቸው። አለኸኝን ሲያስወጡት ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ፤ የምንሽሩ አፈሙዝ ወደ እሱ ነው የዞረው።

«ትንሽ ታገሥ» አለ አድማሴ ለየሻው። «የሽቦው ልባስ የተቃጠለው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። እንግዲህ እሳቱ የተነሣው ከጋለው ሽቦ ነው፤ አለኸኝም አልካደም። ፊውዙ በቦታው ቢኖር ግን መብራቱ ይጠፋ ነበር እንጂ ሰው አይሞትም ነበር። ፊውዙ ሲቃጠልባቸው አንድ ሰው አወጣውና በሚስማር ተካው። ቦታው ከረዳቱ ጉልበት ሥር ነው። እሳቱም ከዚያ ስለተነሣ አንለይ በዚያ በኩል መውጣት አልቻለም። በእሱ በኩል ያለው በር ደግሞ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ታዲያ የረዳቱን በር ከፍቶ የወረደው ማነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ የሻው ዞረ።

«ማናዬ ወንድማማቾቹ ጀምበር ሳትጠልቅ አብረው ከቤቷ ወጥተው በመኪናው እንደሄዱ ነግራናለች። የሻው፣ ጨርቁን ፍታው።»

የሻው አልተንቀሳቀሰም። ጸሐይነሽ ተነሥታ ሄዳ ራሷ ፈታችው። ማጭድ የቆረጠው አይመስልም፤ በሁለት ጣቶቹ ላይ የሚስማር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ትኩስ የቃጠሎ ምልክት ተጋድሟል።

«ሚስማሩ ሲግል ልትነቅለው ሞክረሃል» አለ አድማሴ ቀስ ብሎ።

ምንሽሩ ከየሻው እቅፍ ተንሸራቶ ወደቀ። አንድ ፖሊስ ብድግ አደረገው።

«አልነቀል አለኝ» አለ የሻው። «ጭሱ ዓይኔን አጠፋው። ቤንዚኑ ሊፈነዳ ነው ብዬ ዘለልሁ። ዞሬ እከፍትለታለሁ ብዬ ነበር... እግሬ ወደ ሽምብራው ማሳ ወሰደኝ። ከዚያ ተኝቼ የመኪናውን ጥሩምባ ሲነፋ እሰማው ነበር። ስሜን የሚጠራ ይመስል ነበር።»

«ብዙ ነፋ?» አለች ጸሐይነሽ።

«ብዙ።»

ፖሊሶቹ የሻውን ይዘው ገቡ። አድማሴ ለአለኸኝ «በቃ፣ ወደ ቤትህ ሂድ» አለው። አለኸኝ ግን ሰዉ ሁሉ ከግቢው ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ተቀምጦ ቀረ።