ሰማይ ቀለም አይጠይቅም ብለው

ቤቱ ከጋራዡ ጀርባ ነበር። ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮት፤ መስኮቱም የሚከፈተው ወደ ጋራዡ ስለሆነ ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ የሚተነፍሰው የቀለም ሽታ ነው። አባትየው መኪና ቀቢ ነበር። ፀሐይ የበላው፣ ዝናብ የላሰው አሮጌ መኪና ይዘውለት ሲመጡ በሩን በጨርቅ ወልወል አድርጎ ያይና ሦስት አራት ቆርቆሮ ከፍቶ ያንኑ ቀለም በዓይኑ ብቻ ይቀላቅለዋል። ቀብቶ ሲጨርስ የተነካውን ቦታ ባለመኪናው ራሱ አያገኘውም። እናትየው የሠራተኞቹን ቱታ ታጥባለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ዱቤ የሚያበዛውን በነገር ወጋ ታደርጋለች። ያላቸው አንድ ልጅ ነው። ገና በሕፃንነቱ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር አንገቱ እስኪጣመም ስለሚያንጋጥጥ ሰፈሩ «ካፒቴን» አለው፤ ስሙ ጠፋና ካፒቴን ቀረ። እናቱ እንኳ ስትቆጣው «ካፒቴን! ቱታው ይሰጣ አላልኩም?» ነበር የምትለው።

ልጁ ጎበዝ ነበር። ሂሳብና ፊዚክስ ላይ የሚደርስበት አልነበረም። ጋራዥ ውስጥም የጎደጎደውን በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ መስታወቱን በጋዜጣ ይሸፍናል። ቀለም መቀላቀል ላይ ሲደርስ ግን ሰበብ አያጣም፤ ወይ ሆዱን ያመዋል፣ ወይ የሚጠና ነገር ይመጣበታል። ትምህርቱን እንደጨረሰ አባትየው አስጠራውና «መብረር ነው የምትፈልገው?» አለው። «አዎ አባዬ።» «እንግዲያው የሚያስተምርህን ቦታ እንፈልግ።» ይኸው ነበር ንግግሩ። አብራሪ ሆኖ በደመወዝ ለመሥራት የሚያበቃ ትምህርት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ሁሉም ያውቁታል፤ ከጋራዡ ሌላ የሚሸጥ ነገር እንደሌላቸውም እንዲሁ።

መጀመሪያ ያዩት ትምህርት ቤት ከአየር ሜዳው ዳር ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ትንንሽ አውሮፕላኖች ተደርድረው ቆመዋል፤ የአንዱ ሞተር ወልቆ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ተማሪዎች ክንፍ ያጥባሉ። ፀጉሯ የሸበተ አስተማሪ አብራሪ እጅጌዋ ላይ ዘይት እንደነካት መጥታ ጨበጠቻቸው። ልጁ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቀ፤ ለስንት ተማሪ ስንት አውሮፕላን ይደርሳል፣ አስተማሪ ቢለቅ ማን ይተካል፣ ሰማዩ ሲከፋ ምን ይሆናል? እሷም አላባበለችም። «ዝናብ ሲበዛ ትዘገያለህ፤ ትሰለቻለህም» አለችው። ልጁ በልቡ እዚያው ተመዘገበ! ከዚያ ወደ አባትየው ዞረች።

«ገንዘቡን ግን አሁን አልቀበልዎትም። መጀመሪያ የአብራሪ ምርመራውን ይለፍ። ልብ፣ ጆሮ፣ ዓይን... አንድ ጠዋት ቢፈጅ ነው። ካላለፈ ገንዘብዎ በኪስዎ ነው።»

አባትየው ከወንበሩ ተነሳ። «ልጄን ምን ሆኗል ብላችሁ ነው? በሽተኛ ይዤ መጣሁ?» እናትየውም ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ተከተለችው፤ «እንሂድ፣ ንቀውናል!» አለች። ልጁ አስተማሪዋን አየት አደረገና አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

አንድ ጠዋት! ከሦስቱ አንዱ «ምን ቸገረን፣ ይታይ» ቢል ምን ነበረበት? ነበረበት እንጂ። ልጁ ቀይን ሰው እንደሚያየው አያይም። ጥቁርና ጥልቅ ቀይ ለእሱ አንድ ናቸው፤ አረንጓዴና ቡናማም ወንድማማቾች ናቸው። ጋራዥ ውስጥ ቆርቆሮ የሚያነሳው ጽሑፉን አንብቦ ነው። እናትየው ያወቀችው ተማሪ ቤት የዛፍ ቅጠል ቡናማ ቀብቶ የመጣ ዕለት ነው፤ የገዛ ወንድሟም እንዲሁ ነበር። አባትየው አንድ ልጁ ሙያውን እንደማይወርስ ቢሰማ ቅስሙ ይሰበራል፣ «ከወገንሽ ያመጣሽው ነው» ይለኛል ብላ ሆድ ይፍጀው አለች። ደግሞስ መብረርን ከቀለም ምን አገናኘው? ሰማይ ላይ ማን ቀለም ይቀላቅላል? ልጁ ግን መብረርም ቀለም እንደሚጠይቅ ትንሽ ትንሽ ጠርጥሮ ነበር... ጠርጥሮም ተስፋውን መርጦ ዝም አለ።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት መሀል ከተማ፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። በልጁ ራስ ላይ የካፒቴን ቆብ ደፋለት፣ ከወላጆቹ መሀል አቁሞ ፎቶ አነሳው፣ እናትየውን «የካፒቴን እናት» አላት። ስለ ምርመራ ሲነሳ «እሱ በሂደት ይደርሳል» ብሎ በእጁ ገፋ አደረገው። አውሮፕላኖቹስ? «ሜዳ ላይ ናቸው።» ስንት እንደሆኑ የጠየቀ የለም። በግ የሚገዛ ሰው እንኳ ላት ይዳስሳል፤ እነሱ ግን ያላዩትን አውሮፕላን በቆብ ገዙ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ለእነሱስ የሚለቀምም አልተረፈ።

ጋራዡ ከነኮምፕረሰሩ፣ ከጀርባው ካሉት ሁለት ክፍሎች ጋር ተሸጠ። ኪራይ ቤት ገቡ። አባትየው በሌላ ሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ይቀባ ጀመር። እዚያ አየር የሚያስወጣ መስኮት የለም፤ የአፍ መሸፈኛ የጠየቀም እንደ ቅንጡ ይታያል። ሲያስለው «ዋናው ልጁ ይብረር» ይላል። ከትምህርት ቤቱ ሁለት አውሮፕላኖች አንዱ ተበላሽቶ የቆመ ሆኖ ተገኘ፤ በሌላው ተራ ሲጠበቅ ወራት አለፉ። ሆኖም በመጨረሻ ልጁ ከአስተማሪ ጋር በረረ። እጁ መሪው ላይ የለዘበ ነው ተባለለት። ብቻውን የሚበርበት ቀን ሲቃረብ ያ «በሂደት የሚደርሰው» ምርመራ ደረሰ።

ሐኪሙ ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ ገለጠለት። «ስንት ቁጥር ይታይሃል?» ልጁ መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ አዘነበለ። ሌላ ገጽ... ያው ነጠብጣብ ብቻ። ጨለማ ክፍል አስገብቶ መብራት አበራለት፤ ቀዩን ነጭ፣ አረንጓዴውን ነጭ አለው። ሐኪሙ መጽሐፉን ዘጋ።

«ለራስህ፣ በቀን፣ ትበር ይሆናል። ሰው ጭነህ በደመወዝ ግን አይሆንም የኔ ልጅ። ይህን ሳያዩ ማን ነው ያስጀመረህ?»

እናትና ልጅ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲሄዱ ወንበርም አልቀረበ፤ የተከፈለ አይመለስም ተባሉ። እናትየው ከደጅ ቆማ አለቀሰች፤ አልቅሳም ሌላ ውሸት ወለደች። «ለአባትህ ጆሮዬ ነው በለው።» ጆሮው ነው አሉት። አባትየው ራሱን ነቀነቀ፤ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ልጁ የሰው ዕቃ እየጫነና እያወረደ ኪራዩን መክፈል ጀመረ። አባትየውም ደም እስኪተፋ ድረስ ቀባ። ሆስፒታል ሲገባ ሳንባው አልቋል አሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በጎን አልጋ ያለው ታማሚ ተኝቶ ሳለ፣ እናትየው ባሏ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እጁን ያዘች። ልጁ ከእግርጌ ቆሟል።

«ይዤው መሞት አልችልም፤ ልንገርህ። ልጁ ጆሮው አይደለም... ዓይኑ ነው። ቀለም አይለይም። ከሕፃንነቱ አውቃለሁ፤ ደብቄህ ነው። እኔ ነኝ ጉድ የሠራኋችሁ!»

አባትየው ትንፋሹን ሰበሰበ። «አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«አንቺ ሴት፣ እኔ እኮ ቀለም ቀቢ ነኝ። ቀዩን አምጣ ስለው ጽሑፍ የሚፈልግ ልጅ... እንዴት አላውቅም?»

ልጁ ወደ ራስጌው ቀረበ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«ታፍራለህ ብዬ። እናትህም ታዝናለች ብዬ። ጋራዡን ለምን የሸጥኩት ይመስልሃል? ለአንተ የማይሆን ሙያ ምን ያደርግልኛል? ሰማይ ቀለም አይጠይቅም ብዬ ነው...» ሳሉ አቋረጠው። «ያቺ ሴትዮ ዓይን ስትል ደነገጥኩ። ፊት ለፊት እንዳታዋርድህ ብዬ ተነሳሁ።»

አቤት! ሦስት ሰው አንድ ምስጢር ይዞ፣ አንዱ ለሌላው ሲሳሳ፣ በአንድ ገበታ ሲኖር! እናትየው ፊቷን በአልጋው ልብስ ሸፈነች። ልጁ ወለሉ ላይ ተንበረከከና «ይቅር በለኝ» አለ።

«አንተ ምን አደረግህ?» አለው አባትየው። «ይልቅ ንገረኝ... ስትበር እንዴት ነበር?»

«የምትሠራበትን ጋራዥ ከላይ አየሁት።»

«እኔንስ?»

«አየሁህ አባዬ። ደጅ ወጥተህ ቀና ብለህ ነበር።»

አባትየው ሳቀ። ልጁ እውነቱን ይሁን ውሸቱን እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ሳምንቱ ሳይሞላ ያ ቀለም የማይስተው ዓይን ተከደነ።

ዕጣ ፈንታ ነው አሉ ለቀስተኞች። ሲቸግረን ሁሉንም ለዕጣ ፈንታ ማሸከም እንወዳለን። ግን ዕጣ ፈንታስ ምን በደለ? ዕጣ ፈንታማ ዘይት በነካው እጅጌ መጥታ አንድ ጠዋት ብቻ ስጡኝ ብላቸው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ሦስቱም ያውቁታል፤ ለፍቅር ብሎ የደበቀም መድኃኒት እንደሌለው ግን የነገራቸው የለም።

በቀብሩ ዕለት ልጁ ኪራይ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሹራብ ይዞ እናቱ ፊት ቆመ። ጽሑፍ የለባቸውም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቀለም ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ።

«እማዬ፣ ጥቁሩ የትኛው ነው?»

«በግራ እጅህ የያዝከው ነው ልጄ» አለችው፤ ተነሥታም አለበሰችው።