ሐርጋምን ያሰረው ክፈፍ

በዘርማት መንግሥት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በዙፋኑ አዳራሽ የተሰቀለው ታላቁ የባሕር ሥዕል ጨው ጨው የሚል ውኃ ያነባ ጀመር። የጥንት ጠቢባን ሐርጋም የተባለውን አውሬ ከነባሕሩ በሥዕሉ ውስጥ አስረውት ነበር፤ ማሰሪያውም ክፈፉ ነው። አሁን ክፈፉን ምስጥ በልቶት ተሰነጠቀ።

ንጉሥ አድያም እንጨት ጠራቢዋን ሰልሃናን አስጠሩ።

«ልጄ፣ ሐርጋምን የሚያስረው መብረቅ የመታው ወይራ ብቻ ነው። እርሱም ያለው በእሳት ተራራ አፋፍ ላይ ነው።»

«ንጉሥ ሆይ፣ እንጨቱን ሳልይዝ ብመለስ እጄ መሮ አይጨብጥ!»

የጦር አለቃው ጎርማድ አብሯት ዘመተ። ነበልባል የሚተፉ አሞሮች ሲወርዱባቸው እርሱ በጋሻው መከተ፤ እርሷ ግንዱን በመጋዝ ጣለች። ፀጉራቸው ተለብልቦ፣ ግን እየፎከሩ ተመለሱ።

ሰልሃና የመጀመሪያውን ክፈፍ በአንበሳና በጋሻ ቅርጽ አስጌጠችው። አዳራሹ በአድናቆት አጨበጨበ። ሥዕሉ ላይ ሲያርፍ ግን ሐርጋም እንደ ክር በጠሰው።

«ለዓይን ነው የሠራሁት!» አለች በቁጭት።

ከሥዕሉ ፊት ቆማ ማዕበሉ ወዴት እንደሚነጉድ አጠናች። ከዚያም ከተረፈው ወይራ ጌጥ የሌለው፣ የእንጨቱ መስመር ከማዕበሉ ጋር የሚፈስ ክፈፍ አወጣች። ሦስቱ ማዕዘኖች ያለ ሚስማር፣ ጥርስ በጥርስ ገጠሙ። ልቧ በደስታ ድው ድው አለ! አራተኛው ግን ፀጉር የምታሳልፍ ክፍተት ቀረችው፤ በእርሷም የሐርጋም ጥፍር ብቅ አለ።

«ብዙ ቀረሽ?» አለ ጎርማድ።

«ጥቂት መላግ ብቻ! ግን እየገፋኝ ነው!»

«እንግዲያው ላጊ። እናቴን አደራ!»

ጦሩን ጨብጦ ዘለለና ሥዕሉ ውስጥ ገባ። ጥፍሩ ወደ ኋላ ተሳበ። የጎርማድ ድምፅ ከማዕበሉ መሐል መጣ፦ «ዝጊው፣ እህቴ! በዘርማት አምላክ፣ ዝጊው!»

እያነባች ላገች። ጥርሱን ከጥርስ አጋጥማ በመዶሻ መታች። ገጠመ! ባሕሩ ረጋ፤ አዳራሹም በእልልታ ተናወጠ።

ሥዕሉ ላይ አንድ ጦረኛ የአውሬውን አንገት አንቆ ይታያል። ንጉሡ «ከዙፋኔ በላይ ይሰቀል!» ብለው አዘዙ።

ሰልሃና ለጥ ብላ እጅ ነሣች። «ንጉሥ ሆይ፣ ዝቅ ይበል።»

የጎርማድ አሮጊት እናት እጃቸውን ቢዘረጉ የልጃቸውን ፊት በሚዳስሱበት ከፍታ ላይ ራሷ ሰቀለችው።